ከባሕር ዳር ድሬዳዋ በአውሮፕላን፦ ርቀቱንም ሰዓቱንም ራሳችሁ አስሉት

እህቴ ድሬዳዋ የወለደች ጊዜ እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። «ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ስልኬን አወጣሁ፣ አንድ የርቀት ማስያ ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ኤርፖርቶች ስም ጻፍኩ፣ መልሱ ወዲያው መጣ። 540 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ። ያየሁትን አመንኩ። «ለምሳ እዚያ ነኝ እማዬ» አልኳት። የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውንና ማሩን ጠቅልላ ሰጠችኝ። አራሷ ቤት የገባሁት ግን በማግስቱ ነው።

በርቀቱ ስልኩ አልዋሸም። ከባሕር ዳር ድሬዳዋ ያለው የአየር ርቀት በእርግጥም 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ እሱ የነገረኝ በካርታ ላይ በተዘረጋ ክር የተለካውን ርቀት መሆኑ ነው። እኔ የጠየቅኩት ደግሞ የእናቴን ጥያቄ ነበር፤ ከቤት ወጥቼ የእህቴን በር እስካንኳኳ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለውን። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ማስላት ደግሞ አይከብድም፤ ካልኩሌተር ያለው ስልክና 10 ደቂቃ ይበቃል። ምሳሌዬ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ናቸው። ዘዴው ግን ለጅማና ለመቀሌም፣ ለአርባ ምንጭና ለጎንደርም ይሠራል።

1. ኤርፖርቱን በትክክል ለዩ

ከተማና ኤርፖርት አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ኤርፖርት ትኬትና የሻንጣ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ባለ ሦስት ፊደል መለያ አለው። የባሕር ዳር ቢ-ጄ-አር ነው። የድሬዳዋ ዲ-አይ-አር፣ የአዲስ አበባ ቦሌ ደግሞ ኤ-ዲ-ዲ። ርቀት ስትፈልጉ ከከተማው ስም ይልቅ መለያውን ብትጽፉ ይሻላል፤ የከተማውን ስም ስትጽፉ አንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያሰላላችሁ ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው በተደጋጋሚ ሲሳሳት አይቻለሁ። አንዱ ደሴ ነው። ደሴ ብላችሁ የምትቆርጡት ትኬት የሚያሳርፋችሁ ኮምቦልቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት አለባችሁ። ሌላው ሐረር ነው። ሐረር የመንገደኛ አውሮፕላን አይሄድም። የሐረር ሰው የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው፣ ከዚያ በደንገጎ ዳገት አድርጎ 50 ኪሎ ሜትር ከምናምን በመኪና ይቀረዋል። ይቺን ያልቆጠረ ሰው ዘመዶቹን በር ላይ ያስጠብቃል።

2. ነጥቡን ከካርታ አውጡ

ጉግል ማፕስን ክፈቱ። ኤርፖርቱን ፈልጋችሁ አጉሉት፣ አውሮፕላን የሚንደረደርበትን ረጅሙን አስፋልት ስታዩ ጣታችሁን እሱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ቀይ ምልክት ይወጣል፣ ላይ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው፣ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሆናችሁ ይነግራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሐዝ ይበቃችኋል።

የኛዎቹ እነዚህ ናቸው፦
ባሕር ዳር 11.61 እና 37.32
ድሬዳዋ 9.62 እና 41.85
ቦሌ 8.98 እና 38.80

ቦሌን ለምን እንዳስገባሁት ትንሽ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

3. ርቀቱን አስሉ

ይህንን በእጅ መሥራት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል፣ ድረ ገጹ ሁሉን ያወጣው የለ? ልክ ነው፣ ያወጣል። ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ከሠራችሁት ከዚያ በኋላ የሚወጣላችሁን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትቀበሉም። እኔም ያኔ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ 40 ደቂቃ የሚለውን እጠራጠር ነበር።

መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮስ ልዩነት ውሰዱ። 11.61 ሲቀነስ 9.62፣ 1.99። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ111 አባዙት። 221 ኪሎ ሜትር። ድሬዳዋ ከባሕር ዳር ይህን ያህል ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች ማለት ነው።

ቀጥሎ የኬንትሮሱን። 41.85 ሲቀነስ 37.32፣ 4.53። ይሄንንም በ111 አባዙና አሁንም እንደገና በ0.98 አባዙት። 493 ይመጣል። 0.98 ከየት መጣ? ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የምንለካበት ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ የምድር ዋልታ ላይ ሁሉም መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ስለዚህ የሚጠበው ትንሽ ነው። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል 0.98 ይሠራል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ግን አይሠራም፣ እዚያ በድረ ገጹ ተጠቀሙ።

አሁን ሁለት ጎን አላችሁ፣ 221 እና 493። ክሩ የሚዘረጋው በሰያፍ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል የተማርናት የፓይታጎረስ ነገር እዚህ ትጠቅማለች። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ካሬ ሩት አውጡ። 221 በ221፣ 48,841። 493 በ493፣ 243,049። ድምሩ 291,890። የስልካችሁን ካልኩሌተር ወደ ጎን ስታዞሩት የካሬ ሩት ምልክቷ ብቅ ትላለች። 540።

በማይል ከፈለጋችሁ ለ1.609 አካፍሉት፣ 336 ይሆናል። የአቪዬሽን ሰዎች የሚጠቀሙት የባሕር ማይል ነው፣ እሱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 292 ይመጣል። አንዳንድ ድረ ገጽ ሦስቱንም ደርድሮ ስለሚያወጣቸው የትኛውን እያነበባችሁ እንደሆነ እዩ፣ 292ን ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ያሰበ ሰው ጉዞውን በግማሽ አሳጠረው ማለት ነው።

4. ኪሎ ሜትሩን ወደ ደቂቃ ለውጡ

ድረ ገጾቹ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቹ አውሮፕላን ሲባል በሰዓት 850 ወይ 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ትልቅ ጄት አድርገው ነው የሚቆጥሩት። 540ን ለ850 ስታካፍሉ 38 ደቂቃ ይመጣል። እኔ ያየሁት 40 ደቂቃ ይሄው ነው። ይህ ቁጥር መሬት ለቅቆ የተነሳ፣ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ በሙሉ ፍጥነት የሚበር፣ ሳይዞር ቀጥ ብሎ የሚያርፍ አውሮፕላን ይፈልጋል። እንዲህ ያለ አውሮፕላን የለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሀገር ውስጥ መስመሮቹ ብዙውን ጊዜ የሚያሰማራው ዳሽ 8 ኪው400 የሚባለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፣ አንዳንዴም ቦይንግ 737ን። ኪው400 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት እስከ 660 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል። ለባለ ፕሮፔለር ይህ ፈጣን ነው። ለስሌታችን 600ን እንያዝ፣ ምክንያቱም በሰዓት 600 ማለት በደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሂሳቡም በጣም ይቀልላል።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ለ10 አካፍሉ። ከዚያ 25 ደቂቃ ጨምሩ። በቃ።

25ቱ ደቂቃ ለምንድነው? አውሮፕላኑ ሞተር አስነስቶ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት አለ። ሌላ እስኪያርፍ ተራ የሚጠብቅበት አለ። ሽቅብ ሲወጣ ቀስ ይላል፣ ለማረፍ ሲወርድም እንዲሁ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ታይቶ የማረፊያው አቅጣጫ ሲወሰን ዞሮ የሚመጣበት ጊዜም ይኖራል። ካረፈም በኋላ እስከሚቆምበት ቦታ ድረስ እንደ መኪና መንዳት አለ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ይሄን ሁሉ ያካትታል፤ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ እስከ ቆመበት ደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

እስቲ በምናውቀው መስመር እንፈትነው። ከባሕር ዳር ቦሌ በላይኛው ዘዴ ስታሰሉት 333 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ለ10 ሲካፈል 33፣ ሲደመር 25፣ 58 ደቂቃ። ይህን መስመር የሄደ ሰው ያውቀዋል፣ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ሠራ ማለት ነው።

ይቺን መስመር በጠራ ቀን ከሄዳችሁ የመስኮት ወንበር ያዙ። ክሩ ቀጥ ብሎ የሚያልፈው በጮቄ ተራራ አናት ነው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን። ጮቄን እንዳለፋችሁ መሬቱ ድንገት ይሰነጠቃል፣ የዓባይ ሸለቆ ነው። በመኪና ስትሄዱ ከደጀን ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን እስክትወጡ ፍሬን እየሸተታችሁ ስንት ጊዜ ትጠማዘዛላችሁ። ከላይ ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ታዩትና ያልፋል። በአየር 333 የሆነው በአስፋልት 500 ገደማና ከዚያም በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአየር ርቀትን በመንገድ ርቀት ተክቶ ማሰብ፣ ወይም በተቃራኒው፣ እንደኛ ተራራማ በሆነ አገር ፈጽሞ አይሠራም።

ስለ ነፋስ የሚጠይቅ ካለ፣ ለአጭር በረራ አትጨነቁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግማሽ ሰዓት ቢቃወማችሁ የሚወስድባችሁ 20 ኪሎ ሜትር ነው፣ 2 ደቂቃ። ነፋስ ትልቅ ነገር የሚሆነው ረጅም በረራ ላይ ነው። የዋሽንግተን ሰዎች ያውቁታል፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሲሄዱ መሀል ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፣ ሲመለሱ ግን ያለ ማረፍ ቀጥ ብሎ ይመጣል። አንዱ ምክንያት ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት መሆኑ ነው፣ ሌላው ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ሳስቶ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚያዳግተው ነው።

5. በረራው መኖሩን አረጋግጡ

እስካሁን በሠራነው መሠረት ባሕር ዳር–ድሬዳዋ ቀጥታ ቢበረር 54 ሲደመር 25፣ 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይሆን ነበር። «ቢበረር» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ።

የርቀት ማስያው ድረ ገጽ ማንኛውንም ሁለት ኤርፖርት ብትሰጡት ቁጥር ያወጣል። በመካከላቸው አውሮፕላን ይብረር አይብረር አይጨነቅም። ስለዚህ ከርቀቱ በኋላ የምትከፍቱት የአየር መንገዱን ድረ ገጽ ወይም አፕ ነው። የምትሄዱበትን ቀን አስገቡ። «ቀጥታ» ወይም «ያለ ማረፍ» የሚል ካልወጣ የለም ማለት ነው። ቀኑን መለዋወጥም አትርሱ፣ አንዳንድ መስመር በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚኖረው። አውሮፕላኑ በተግባር ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ማየት ከፈለጋችሁ ፍላይትራዳር24 የሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ የበረራ ቁጥሩን አስገቡ፣ ያለፉትን ጥቂት ቀናት ያሳያችኋል። ለኔ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመኝ ይሄ ነው። የተጻፈውን ሰዓት ሳይሆን የሆነውን ታያላችሁ።

በሀገራችን ከአንድ ክልል ከተማ ወደ ሌላ ክልል ከተማ ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ የምታልፉት በቦሌ ነው። ድሮ ድሮ እንኳ አንድ አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም እያለ በየቦታው እያረፈ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። ታላላቆቻችን አሁንም ያወሩታል።

ጎንደርን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የርቀት ማስያው ላይ ብታዩት የደቂቃዎች በረራ ነው። በቦሌ ዞራችሁ ልሂድ ካላችሁ ግን መጀመሪያ 333 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ 420 ወደ ሰሜን ትመለሳላችሁ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጎረቤት ከተማ ለመድረስ። በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በሚኒባስ ሂዱ።

6. ቦሌን ጨምሩ

አሁን የእውነተኛውን መንገድ ርቀት እንሥራ። ባሕር ዳር–ቦሌ 333 ብለናል። ቦሌ–ድሬዳዋስ? 9.62 ሲቀነስ 8.98፣ 0.64፣ በ111 ሲባዛ 71። 41.85 ሲቀነስ 38.80፣ 3.05፣ በ111 ከዚያ በ0.98 ሲባዛ 332። ካሬ ሩቱ 340 ይመጣል። ጊዜው 34 ሲደመር 25፣ 59 ደቂቃ።

ድምር ርቀት 673 ኪሎ ሜትር። ከቀጥታው በ133 ይበልጣል። ይሄ ብዙ አይደለም፣ በአየር ላይ 13 ደቂቃ ነው። የሚያስከፍላችሁ ዙሩ ሳይሆን ማረፉና መነሳቱ ነው፤ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቦሌ የምትቀመጡበት ሰዓት።

እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። ሁለቱን ትኬቶች ለየብቻ ነበር የቆረጥኳቸው። ዋጋውን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ በመካከላቸው 50 ደቂቃ አለ፣ ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ደመናው ጣናን ጥርግ አድርጎ ሸፍኖታል። በአየሩ ምክንያት የመጀመሪያው በረራ 40 ደቂቃ ዘግይቶ ተነሳ። ቦሌ ስደርስ 10 ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ሻንጣዬ ግን ገና አልወጣም። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለነበሩ ሻንጣው የተላከው እስከ አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ ተቀብዬ እንደገና ማስመዝገብ ነበረብኝ። የማር ቆርቆሮው በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ቀበቶው ላይ ሲመጣ ሳይ የድሬዳዋው በር ከተዘጋ ቆይቷል። የዚያን ቀን የነበረው ሌላ በረራ ሞልቷል። ገርጂ ያለ ጓደኛዬ ጋ አደርኩ። እናቴ ማታ ደውላ «እንዴት ናት ልጄ? ገንፎውን ወደደችው?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው እንዲህ ነው። ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ቁረጡ። አንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው በረራ ማስያዝ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ከተማ ይላካል። ሻንጣ ስታስረክቡ የምትሰጣችሁን ቁራጭ ወረቀት እዩ፣ ዲ-አይ-አር ይላል? ኤ-ዲ-ዲ ብቻ ከሆነ እዚያው ጠይቁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት።

በአንድ ትኬት ሲሆን እኔ በመካከል 2 ሰዓት ያህል ሲኖር ደስ ይለኛል። ክረምት ከሆነ ትንሽ ጨምሩበት። ለየብቻ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ካጣችሁ ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ልዩነት ይኑረው፣ የቀኑን የመጨረሻ በረራ አትያዙ፣ ቢያመልጣችሁ ማደሪያችሁ የት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ከውጭ አገር መጥታችሁ ወደ ክልል የምትቀጥሉ ከሆናችሁ ሰዓቱ ከዚህም ይሰፋል፤ ፓስፖርት ማስመታት አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ከዓለም አቀፉ ህንፃ ወደ ሀገር ውስጡ መዛወር አለ።

7. ሰዓቱን በትክክል አንብቡ

ይቺ አጭር ናት፣ ግን ስንቱን አስቀርታለች።

ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 07:40 ካለ ጠዋት 1፡40 ነው። 13:20 ካለ ከቀኑ 7፡20። ከ12 በላይ ከሆነ መጀመሪያ 12 ቀንሱ፣ ከዚያ በኛ አቆጣጠር ወደፊት ወይም ወደኋላ 6 ሰዓት ቁጠሩ። ለቤተሰብ ስትናገሩ ደግሞ ሁልጊዜ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብላችሁ በኛ ሰዓት ንገሩ። የትኬቱን ፎቶ ብቻ ለእናታችሁ አትላኩ።

ሌሊት የሚነሳ በረራ ላይ ደግሞ ቀኑ ይምታታል። ማክሰኞ 00:40 የሚል ትኬት ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ይህ በሀገር ውስጥ በረራ ብዙም አያጋጥምም፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩትና ከቴል አቪቭ የሚመጡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ላይ ግን ይደርሳል።

ቀኑም ቢሆን የነሱ ቀን ነው። ጥቅምት 10 እና ኦክቶበር 10 በ10 ቀን ያህል ይራራቃሉ።

አንድ ሌላ ነገር። በሀገር ውስጥ ሁላችንም አንድ ሰዓት ላይ ስለሆንን የመድረሻውን ከመነሻው መቀነስ ትችላላችሁ። ከውጭ ሲሆን ግን የመነሻው ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው የመድረሻው ከተማ ነው። ዱባይ ከኛ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከዱባይ 10:00 ተነስቶ አዲስ አበባ 13:00 የሚደርስ በረራ 3 ሰዓት ቢመስልም 4 ሰዓት ነው።

8. ከቤት እስከ ቤት ደምሩ

አሁን የእናቴን ጥያቄ በትክክል እንመልስ። የበረራ ሰዓቶቹን ለምሳሌ ብቻ ነው የማስቀምጣቸው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ።

በረራው ከባሕር ዳር ጠዋት 2፡00 ነው እንበል። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ 2 ሰዓት ቀድሜ ኤርፖርት ልገኝ ካልኩ 12፡00 በር ላይ ነኝ። ፍተሻው መግቢያው ላይ ይጀምራል፣ ሻንጣ አለ፣ ቦርዲንግ ፓስ አለ፣ ከዚያም ሌላ ፍተሻ። ኤርፖርቱ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ለመኪናው ግማሽ ሰዓት ልያዝ፤ ሌሊት 11፡30 ከቤት ወጣሁ። ለዚያ ሰዓት መኪና ማታውኑ ተነጋግራችሁ እደሩ፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ባጃጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ።

3፡00 ቦሌ አረፍኩ። 5፡00 ላይ ቀጣዩ በረራ። 6፡00 ድሬዳዋ። ሻንጣ ካስረከባችሁ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት አስቡ፣ የእጅ ቦርሳ ብቻ ከያዛችሁ ይሄን ታተርፋላችሁ፣ የአራስ ጠያቂ ግን ባዶ እጁን አይሄድም። 6፡30 ከኤርፖርት ወጣሁ፣ 20 ደቂቃ ወደ ከተማ፣ 6፡50 የእህቴ በር።

ከ11፡30 እስከ 6፡50፣ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የቆየሁት 1 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በአውቶብስ ቢሆን ሁለት ቀን ስለሚፈጅ አውሮፕላኑ አሁንም ያዋጣል። ግን 40 ደቂቃ አይደለም፣ 1 ሰዓት ከ19 ደቂቃም አይደለም፤ ግማሽ ቀን ነው። «ለምሳ እዚያ ነኝ» ያልኩትም ያኔ ልክ ይሆን ነበር፣ መካከሉን አስፍቼ ይዤው ቢሆን።

ሐረር ድረስ የምትቀጥሉ ከሆናችሁ ከ6፡50 በኋላ ሚኒባስ እስኪሞላ መጠበቁንና የደንገጎን ዳገት ጨምሩ፣ 1 ሰዓት ተኩል ብትይዙ ይበቃል። ስለዚህ 8፡20። የከሰዓት በረራ ከያዛችሁ ግን ድሬዳዋ የምታርፉት ሊመሽ ሲል ነው። ዳገቱን በጨለማ ከመውጣት ድሬዳዋ እደሩና ማለዳ ሂዱ፣ ዘመዶቻችሁንም ከመነሳታችሁ በፊት «ነገ ጠዋት ነው የምንደርሰው» ብላችሁ ንገሯቸው።